የአባቴን ላንድሮቨር ፈታኋት፤ አሁን ከየት ልጀምር?

ከአንባቢ የደረሰን ጥያቄ፦

"ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ትቶልን አልፏል። ሲሪስ 3 ናት፣ አጭሯ፣ የቤንዚን። ሸራ ለብሳ 9 ዓመት ቆማለች። ከሁለት ወር በፊት እኔና ታናሽ ወንድሜ እናድሳታለን ብለን ተነሳን። በሮቹን፣ ኮፋኖውን፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ ወንበሮቹን፣ ከሽቦውም ግማሹን ፈታን። ከዚያ እሱ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄደ፣ እኔ ከዕቃው ጋር ቀረሁ። በረንዳው ሞልቷል። ባለቤቴ 'ወይ ትገጠም ወይ ትውጣ' ብላለች። ሞተሩ አይዞርም። ሻንሲው ከስር ሲያዩት ደህና ይመስላል። የፓራፋንጎው ታችኛው ጫፍ ግን አልሙኒየም ሆኖ ሳለ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል፣ ይሄ አልገባኝም። ብሎኖቹም አሰቃይተውኛል፤ በ13 ቁልፍ ስይዛቸው ይንሸራተታል፣ የብዙዎቹ ጠርዝ አልቋል። አረንጓዴ ቀለም ገዝቻለሁ። ቀብቼ መልክ ላሲዛት ወይስ ልሽጣት? ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር ስር 1/2 የሚል የአባቴን ቁልፍ አገኘሁ፤ ምን እንደሚፈታ አላወቅኩም።"

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳኑን ሳትነካ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጠው። ለረጅም ጊዜ አትፈልገውም።

አልፈርድብህም። እኔም የመጀመሪያዬን አሮጌ ፎር ዊል ሳድስ የጀመርኩት ከቀለም ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አደነቀ፣ እኔም ልቤ አበጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፍሬን ማስተሯን፣ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የምትገፋውን ፖምፓ፣ ስቀይር ዘይቱ ፓራፋንጎው ላይ ተንጠባጠበ። ጨርቅ ፈልጌ እስክመለስ ያ የደከምኩበት ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ተነሳ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ሲፈስ ወዲያው ብዙ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ያኔ ግን ይህን የነገረኝ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሻንሲውን፣ መኪናዋን የሚሸከመውን የብረት አጥንት፣ ለመበየድ ሌላኛውን ጎን በእሳት አቃጠልኩት። ቀለሙን ሁለት ጊዜ ገዛሁ ማለት ነው።

መሸጡን በተመለከተ፣ ልትሸጣት ብትወስን እንኳ አሁን አትሽጣት። የተፈታ መኪና የሚገዛ ሰው ግማሹ ዕቃ ጠፍቷል ብሎ ነው የሚያስበው፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። ስለዚህ ብትሸጥም ባትሸጥም የሚቀጥለው ሥራህ ያው ነው። መፍታት አቁም፣ ያለውን ሰብስብ።

ከበረንዳው እንጀምር፣ የቤት ሰላም ይቀድማል። ለመኪና በር ከመኪናው የተሻለ መጋዘን የለም። በሮቹን በማጠፊያቸው መልሰህ ስቀላቸው፣ በየማጠፊያው አንድ ሁለት ብሎን ይበቃል። ኮፋኖውን ቦታው ላይ ጣለው። ፓራፋንጎዎቹን ግን ለጊዜው አትመልስ፣ ከስራቸው ሥራ አለ። ግድግዳ አስደግፈህ በጠባቡ ጎን አቁማቸው። ብሎኖቹን በትንንሽ ፌስታል ከፋፍልና በእያንዳንዱ ውስጥ "የግራ በር፣ የላይኛው ማጠፊያ" የሚል ብጣሽ ወረቀት ክተት። ፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፍ፣ ግራሶ የነካው ጽሑፍ በሳምንቱ ይጠፋል። የትኛው የየት እንደሆነ የረሳኸው ካለ ወንድምህ ጋር ዛሬውኑ ደውል። ከስድስት ወር በኋላ እሱም አያስታውሰውም።

አሁን ወደ ሻንሲው። "ከስር ሲያዩት ደህና ይመስላል" ያልከው ነው ከደብዳቤህ ሁሉ ያሳሰበኝ።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም በተካሄደ የመኪና ትርኢት ላይ ስትቀርብ፣ ጦርነቱ ካለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ነበር የሚታደለው፣ አልሙኒየም ግን እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ቦዲዋን በአልሙኒየም ሠሯት። ሻንሲው ግን ከብረት ላሜራ ተበይዶ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው። ያንተዋ ሲሪስ 3 ከ1971 እስከ 1985 የተመረተች ብትሆንም አሠራሯ ያው ነው። ሰው ታዲያ ቦዲው አልዛገም ብሎ ይዘናጋል። ከስር ያለው ቱቦ ግን በየቀዳዳው ጭቃና ውሃ ይጠጣል፣ ጭቃው ውስጡ ይቀመጣል፣ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከውጭ ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ወረቀት የሆነ ሻንሲ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ በዓይን አትመን። ትንሽ መዶሻ ያዝና ከስር ግባ። ከመግባትህ በፊት መኪናዋን በክሪክ አንስተህ በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፋት። ብሎኬት ወይም ድንጋይ እንዳትጠቀም፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስርም እንዳትገባ። ከዚያ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በየአራት ጣት ርቀቱ መታ መታ አድርገው። ጤነኛ ብረት ቂው ብሎ ይጮሃል፣ መዶሻውንም ይመልሰዋል። የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውም እዚያው ይቀራል። ድምፁ በተቀየረበት ቦታ ካቻቢቴ አምጣና ጫን በል። ከገባ ገባ ነው፣ አትዘን። ዛሬ ማወቅህ ነው ትርፉ።

በተለይ የኋላውን አግዳሚ፣ ባሌስትራዎቹ (የተደራረቡት የብረት ስፕሪንጎች) የሚያዙባቸውን ቦታዎች፣ ቦዲውን ለመሸከም ወደ ጎን የወጡትን ክንዶች፣ እና ከነዳጅ ታንኩ በላይ ያለውን ክፍል ደጋግመህ ምታ። ከሻንሲው ስትወጣ ደግሞ በሮቹ የሚንጠለጠሉበትን፣ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየውን ግድግዳ እይ። እሱም ብረት ነው፣ አልሙኒየም እንዳይመስልህ። የእግር መርገጫው ጥግና የበሩ ምሰሶ ታች መጀመሪያ የሚሄዱ ቦታዎች ናቸው።

ስለ ነጩ ዱቄት ጠይቀሃል። አልሙኒየምና ብረት ተነካክተው መካከላቸው እርጥበት ሲገባ ትንሽዬ ባትሪ ይሆናሉ። በዚያ ባትሪ ውስጥ ተበዪው አልሙኒየሙ ነው። ዱቄቱ የአልሙኒየም ዝገት ነው በለው። ልብ ብለህ ካየህ የሚረግፈው ሁልጊዜ የብረት ማያያዣ ወይም ብሎን ከነካው ቦታ ነው፣ መሃል ሜዳው ላይ አይደለም። ዱቄቱን በብሩሽ አጽዳ፣ የሳሳውን ቁረጥና በአልሙኒየም ተካ። መልሰህ ስትገጥም ሁለቱንም ገጽ ቀለም ቀባ፣ መካከላቸውም ስስ ጎማ ወይም ማሸጊያ አስገባ። ሰው "የማይዝግ ብሎን አድርግበት" ሊልህ ይችላል። አድርግ፣ ግን የማይዝግ ብሎንም ከአልሙኒየም ጋር ያው ጠበኛ ነው። ሳትቀባው አትሰረው።

ሻንሲው ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ብቻ ካገኘህ ይበየዳል። ብየዳው የሚይዘው ግን የበሰበሰው እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ተቆርጦ ከወጣ ነው። ዝገት ላይ ላሜራ መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነው፣ በዓመቱ ዳር ዳሩን ይለቅቃል። ከአምስትና ከስድስት ቦታ በላይ ከገባልህ፣ በተለይ የባሌስትራ መያዣው ከሄደ፣ እኔ ብሆን አልበይድም። ለዚህች መኪና ዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ የሚሠሩ አሉ፣ እሱን አስባለሁ። ያኔ የሻንሲ ቁጥሩን ጉዳይ መኪና የሚመዘግበውን ክፍል አስቀድመህ ጠይቅ። ለማንኛውም ግራይንደር ከማንሳትህ በፊት የተቀረጸውን ቁጥር ፈልገህ አጽዳው፣ ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ በቴፕ ሸፍነው። ቁጥሩን ሳያውቅ ፍቆ ያጠፋ ሰው አውቃለሁ፤ መኪናው ዛሬም ጊቢ ውስጥ ናት።

ብየዳውን ራስህ ካልለመድክ ሰው አስመጣ፣ ይሄ መለማመጃ ቦታ አይደለም። የአጭሯ ነዳጅ ታንክ ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው፤ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት አውጥተህ አርቀው። ባዶ ነው ብለህ አትተወው። ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ከሙሉው የባሰ ይፈነዳል። ባትሪውን ፍታ። የበሩን ምሰሶ የሚነካ ነገር ከመቆረጡ በፊትም የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ አግድም በይደህ ያዘው። አለዚያ ሁሉም አልቆ በሩ አልዘጋም ይልሃል።

ከሻንሲው ቀጥሎ ፍሬን ነው። ሞተር ነው ብለህ እንደጠበቅክ አውቃለሁ። መኪናዋ ከመሄዷ በፊት መቆም ትቻል። ደግሞ ጎማዋ የሚዞርና የምትቆም መኪና ተገፍታም ቢሆን ቦታ ትቀይራለች፣ ባለቤትህም መንገድ ታገኛለች።

ያንተዋ ፍሬን በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው፣ የፍሬን ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ክብ ብረት ማለት ነው። አንዱን ጎማ ብቻ ክፈት፣ ጨርስ፣ ግጠም፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂድ። የግራውን ስትሠራ የቀኙ ሳይነካ ይቆይ። የትኛው ስፕሪንግ በየት እንደሚታሰር ሲጠፋህ ሄደህ ታየዋለህ። ታምቡሩን ስታወጣ ጥቁር አቧራ ታገኛለህ። እንዳትነፋው፣ በኮምፕሬሰርም እንዳታባርረው። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ የፍሪሲዮኑም እንደዚያው። አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ነው የሚገድለው። ውሃ አርከፍክፍበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን በፌስታል አስረህ ጣል። ለአቧራ የተሠራ ደህና ማስክም አድርግ።

9 ዓመት የቆመ የፍሬን ዘይት ውሃ ጠጥቷል፣ የጎማ ክፍሎቹም ደርቀዋል። የጎማ ቱቦዎቹን፣ በየጎማው ያሉትን ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ ማስተሩን ሁሉንም ቀይር። "ይሄኛው ገና ነው" የሚል ምክር በፍሬን ላይ አልሰማም። ጎማዎቹም ያው ናቸው፣ ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆንም። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ካገኘህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2311 ካለ በ2011 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኘህ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ ለመግፊያ ካልሆነ በቀር አይሆንህም።

ባሌስትራውን ከነካህ አንድ ነገር አስታውስ። ሲገጠም ብሎኖቹን ላላ አድርገህ ተዋቸው። መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ክብደቷን ስትጥል ነው የመጨረሻው መጥበቅ የሚደረገው። ተንጠልጥላ እያለች ካጠበቅካቸው ጎማ ያላቸው ቡሾች ተጠምዝዘው ይቀራሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ይቀደዳሉ።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። "አይዞርም" ማለት ሁልጊዜ ፒስተን ተጣብቋል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ካምቢዮው ባዶ ላይ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ የቬንቲሌተሩን ቺንጊያ አውልቅ። ዲናሞው ወይም የውሃ ፖምፓው ተጣብቆ ሞተሩን ሊይዘው ይችላል፣ እንዲህ ሆኖ ሰው በከንቱ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) ሲያወርድ አይቻለሁ። አሁንም ካልዞረ አራቱን ካንዴላ አውጣ። በየቀዳዳው አንድ ሁለት ማንኪያ የሚሆን ቀጭን ዘይት አፍስስ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጥሩ ሰርጎ ይገባል። ከዚያ ተወው። ሦስት ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ እየደጋገምክ እየጨመርክ። ትዕግሥት ከመዶሻ ርካሽ ነው።

ስትሞክር በሞተሪኖ፣ ሞተሩን በባትሪ በሚያስነሳው፣ እንዳይሆን። ሞተሪኖ ጉልበቱ አይሰማህም፣ የተጣበቀውን ሲሰብር ነው የምታውቀው። ያንተዋ ማኖቬላ፣ ሞተር በእጅ ማዞሪያ ዘንግ፣ አላት፣ ከፊት አስገባና በእጅህ ሞክር። ወደፊት ብቻ አትግፋ፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ አወዛውዛት። ወደ ኋላ ስትፈልግ ማኖቬላው አይዝም፤ አራተኛ ማርሽ አስገብተህ መኪናዋን ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ነው። የጥፍር ያህል ከተንቀሳቀሰች ትለቃለች። ኋላ ካንዴላው ተመልሶ ለማስነሳት ስትሞክር ደግሞ አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርገህ ያዝ። እንደ መዶሻ እጀታ ጨብጠህ ከያዝከው፣ ሞተሩ መልሶ ሲመታ አውራ ጣት ይሰብራል።

ከለቀቀች በኋላ ካንዴላ ሳታስገባ ደጋግመህ አዙራት፣ ዘይቱ ይሰራጭ። የድሮውን ቤንዚን በሙሉ አውጣ፤ ይጎመዝዛል፣ ማስቲሽ ይሆናል፣ ካርቡራተሩን ይደፍናል። የሞተር ዘይቱንም ቀይር። ይህ ባለ 2,286 ሲሲ ሞተር የዋህ ነው። ቤንዚን፣ እሳትና ንፋስ በጊዜው ካገኘ ይነሳል። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ የካንዴላ ሽቦዎቹን ስታምታታ ትፈልገዋለህ። ተነስታ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ካለ አትደንግጥ፣ ረጅም ጊዜ ሲቆም ሸራው ከብረቱ ጋር ይጣበቃል።

ሽቦው ላይ ብዙ አልልህም። የቀረውን ግማሽ ሳትፈታ ተወው፣ የፈታኸውን በየጫፉ ቴፕ ለጥፈህ ጻፍበት። መሸፈኛው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ሙሉውን መቀየር ነው።

የመጀመሪያዋን ዙር ስትነዳት ቢጫዋን ዘንግ አትጫናት። እሷ የፊቱን ጎማ የምታስገባ ናት፤ ቀይዋ ወደ ኋላ ስትሳብ ደግሞ ዝቅተኛውን ማርሽ ከፊት ጎማው ጋር አብራ ታስገባለች። ይህች መኪና በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ልዩነት የሚያስተካክል ዲፈረንሻል የላትም። ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም አስገብተህ ስትጠመዝዝ ጎማው መንሸራተት ስለማይችል ጉልበቱ ዘንጎቹ ላይ ይጠራቀማል። ጭቃና አሸዋ ሲመጣ ነው ቢጫዋ።

ያ ቀለምህስ? የሚከፈተው ያኔ ነው፣ ሁሉም አልቆ ለጥቂት ወራት ከነዳሃት በኋላ። የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍግ፤ በውሃ፣ ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት ይሁን። አልሙኒየም ተራ አስታር አይዝም፣ ለእሱ የተሠራ ነክሶ የሚይዝ አስታር አለ፣ መጀመሪያ እሱ ይቀባል። የገዛኸው ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ ዓይነት ከሆነ ቤት ውስጥ እንዳትረጨው። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ተራ ማስክም አያግደውም። ለቀለም ቤት ስጠው። አባትህ ያስገቡትን እጥፋት ሁሉ ግን በስቱኮ አትድፈን፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ አንተ ታውቃለህ።

የቀረው የአባትህ ቁልፍ ነው። የመኪናህ ብሎኖች አብዛኞቹ በኢንች የተለኩ ናቸው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው። የ13 ቁልፍህ ይገባል፣ ግን በሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ይሰፋል። ጠርዙን የበላብህ ያ ክፍተት ነው። ከወንበሩ ስር ያገኘኸው በትክክል ይገጥማል፤ ነገ ጠዋት የ13 ቁልፍህ በተንሸራተተበት ብሎን ላይ ሞክረው። የሚቀጥሉትን ከ7/16 እስከ 3/4 ያሉትን ግዛ። 1/2ን አትግዛ፣ አለህ።